በሻሮ ተራራ ላይ አንዲት ደቂቃ ስለ ቆመው ስለ አቶ ለገሰ

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ አንድ ዓመት፣ ደርግ በወደቀ በአሥራ ስምንተኛው፣ ሚሌኒየሙ ተከብሮ ፊኛው በረገበ በማግሥቱ ዓመት፣ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ በየጽሕፈት ቤቱ ነግሦ ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ባፋለሰበት ወራት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ዐቢይ ጾም ተፈትቶ ፍየል ሁሉ ስለ ነፍሷ በምትሰጋበት ሰሞን፣ በከፋ ምድር በቦንጋ ከተማ፣ ሞዐ ጉንዳን ዘእምነገደ ሐዋሳ፣ ሥዩመ ሲቪል ሰርቪስ፣ የሻሮ ተራራ ፓርክ ዴስክ ኃላፊም ብቸኛ ሠራተኛም የሆነው አቶ ለገሰ የፈጸመውን ገድል እኔ የመዝገብ ቤቱ ሣህሌ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ያላየሁትን አልጻፍኩም። ያየሁትንም ሁሉ አልጻፍኩም፣ ከፊሉ ከወገብ በታች ነውና።

አስቀድመን ስለ ተራራው እንናገራለን። ሻሮ ከቦንጋ በመኪና ተሂዶ፣ መኪናው ሲታክተው በእግር የሚወጣ፣ ከግርጌው ማንም ያልተከለው ቡና በየጥላው የበቀለበት፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ከቡናው በላይ ዋንዛና ቀረሮ፣ ከዚያም ከፍ ሲል ሽበቱ እስከ ደረቱ የወረደ ጺማም ኮሶ፣ ከሁሉም በላይ ቀርቀሃ የቆመበት፣ ቀርቀሃውን አልፎ የወጣም ሰው ደመናው ፈቃዱ ከሆነ የጎጀብን ወንዝ ከሩቅ እንደ ወደቀ መቀነት ተዘርግቶ የሚያይበት ተራራ ነው። ደመናው ግን ፈቃዱ አይሆንም። በዚያ አገር ሌላው ሁሉ መጤ ነው፣ ባለርስቱ ዝናብ ነው።

ስፋቱን በተመለከተ ሻሮ ትንሽ ፓርክ ነው። ጠዋት ከአንድ ጫፉ የተነሣ ሰው፣ መንገድ ላይ ወግ ካልያዘው፣ ምሳውን በሌላው ጫፍ ይበላል። በሪፖርት ላይ ግን ሰፊ ነበር። በሪፖርት ላይ ጎሽ ነበረው፣ ነብር ነበረው፣ ጉሬዛ በብዛት ነበረው፣ አንበሳም ነበረው፤ እንዲያውም በአንዳንድ ሩብ ዓመት አንበሳው ከዕቅድ በላይ ይፈጸም ነበር። እኔ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ይህን ሁሉ አውሬ በፋይል እያሰርኩ መደርደሪያ ላይ ስሰቅል ኖሬ አንድም ቀን አልተነከስኩም።

በዚህ ሁሉ ሠራዊት ላይ የተሾመው ለገሰ ግን ከአውሬው ወገን አንዱንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። ወደ ተራራው የሚያወጣው የፓርኩ ጠባቂ ጋሽ ገብረሚካኤል ነበሩ፤ እርሳቸውም ፊሽካ በአንገታቸው አንጠልጥለው ከጫካው አፍ እስከ ቀርቀሃው ድረስ ያለ ዕረፍት የሚነፉ፣ ፊሽካው ሲያርፍ የሚያወሩ፣ ወሬው ሲያልቅ የሚያስሉ ሰው ነበሩ። ለምን ቢባሉ፣ ድንገት ጎሽ እንዳያጋጥመን ነው ይሉ ነበር። እውነትም በእርሳቸው ዘመን ጎሽ ያጋጠመው ሠራተኛ የለም። ስለዚህ ለገሰ ጋሽ ገብረሚካኤል አየሁ ያሉትን ይጽፋል፣ ጋሽ ገብረሚካኤል ደግሞ አባታቸው አየሁ ያሏቸውን ይነግሩታል፣ የአባታቸውም ዓይን ጎበዝ ነበር ይባላል።

ለገሰ የሐዋሳ ልጅ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ብስክሌት ይነዳባታል፣ ዓሣ ይበላባታል፣ ፀሐይ ይሞቅባታል። ቦንጋ የገባ ዕለት ዝናብ ተቀበለው፣ ከዚያም ወዲህ እንደ ዋስ አልተለየውም። አልጋው ሥር ያስቀመጠው ጫማ ሻገተ፣ ቀበቶው ሻገተ፣ የመታወቂያው ፎቶ ሳይቀር ሻግቶ ጺም አወጣ። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ቻለ፤ ነገር ግን በሐዋሳ ቀለበት ያሰረላት ጽጌ የምትባል፣ መልኳ ያማረ፣ ምላሷ ከመልኳ የፈጠነ እጮኛ ነበረችው። እርሷም በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር በስልክ እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦

«ከሰኔ ወዲያ አንድ ቀን አልጠብቅም። ወይ እኔን፣ ወይ ጦጣዎችህን።»

ለገሰም ጦጣዎቹን አንድም ቀን ሳያያቸው እርሷ በእነርሱ መቅናቷ አንገበገበው። ዝውውር ጠየቀ። ጽሕፈት ቤቱም መከረና፣ ዴስኩ እስካለ ድረስ ሰውየው አይለቀቅም፣ በእርሱ ቦታ ሻሮ የሚወጣ ሌላ ሞኝ አይገኝምና አለ። ነገር ግን ዴስኩ ከታጠፈ ሠራተኛው በቢፒአር ሕግ ተንሳፋፊ ይሆናል፤ ተንሳፋፊ የሆነ ሰው ደግሞ የሚያርፍበት ክፍት መደብ በሐዋሳ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለገሰ ማታ ሲተኛ ተንሳፋፊ ለመሆን ይጸልይ ጀመር።

ጸሎቱም የተሰማ መሰለ። በሚያዝያ መጀመሪያ ከክልል ክቡር አቶ ኃይለመስቀል የተባሉ ባለሥልጣን ልዑካን አስከትለው እንደሚመጡ ተነገረ። የሻሮ ተራራ ለሻይ ቅጠል ልማት ተፈልጓል፤ ክቡርነታቸው በተራራው ላይ የዱር እንስሳ በዓይናቸው ካዩ ፓርክ ሆኖ ይቀጥላል፣ ካላዩ ዛፉ ተመንጥሮ ሻይ ይተከላል፣ የፓርኩም ዴስክ ይታጠፋል ተባለ። ለገሰ ይህን ሲሰማ በልቡ ዕልል አለ። ከእርሱ የሚጠበቀው ምንም አለማድረግ ብቻ ነበርና፤ ይህም ለመንግሥት ሠራተኛ የተሰጠ ጸጋ ነው።

ስለ ሰልፉ እንናገር። በዚያች ዕለት በፊታውራሪነት የዘመተው አራት ጎረምሶች የተሸከሙት ጄኔሬተር ነበር፤ ሾፌሩ አብዱ ቤንዚኑን በጀሪካን ይዞ እንደ ጋሻ ጃግሬ ይከተለው ነበር። በቀኝ ድምፅ ማጉያው፣ በግራ ባነሩ ሄደ፤ ባነሩም ላይ አንበሳ ተስሎ ነበር፣ ሠዓሊው ግን አንበሳ አይቶ ስለማያውቅ ፊቱ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ያደላ ነበር። በመካከል ክቡር አቶ ኃይለመስቀል፣ ከጎናቸውም የኢንቨስትመንቱ ባለሙያ የሻይውን ካርታ ጠቅልሎ እንደ ጎራዴ በብብቱ ይዞ ተጓዘ። ጋሽ ገብረሚካኤል በሁሉም ፊት ፊሽካቸውን ይነፉ ነበር። በደጀን እትዬ ትርንጎ ወጡ፤ እኒህም በቦንጋ የታወቀው ጠጅ ቤት ባለቤት ናቸው፣ ምሳውን በድስትና በሰፌድ አስይዘው፣ አንድ እንስራ ጠጅም ለክፉ ቀን ብለው አስከትለው ነበር። ከእርሳቸውም ኋላ በሻሮ ግርጌ የሚኖሩ፣ ቀፏቸውን በተራራው ዛፎች ላይ የሰቀሉ ገበሬዎች በብዛት ተከተሉ። እኔም ምሳ ስለነበረ ሄድኩ።

ገበሬዎቹ ዝም ብለው ነበር የሚሄዱት። ሻይ ከተተከለ ዛፉ ይወድቃል፣ ዛፉ ከወደቀ ቀፎ የሚሰቀልበት የለም፣ ቀፎ ከሌለ የሻሮ ማር የለም፣ ማሩ ከሌለም የእትዬ ትርንጎ ጠጅ ቤት የስኳር ውሃ ሊሸጥ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አልተናገረም፣ እንግዳን በችግር መቀበል በዚያ አገር ነውር ነውና።

ከመኪናው በወረዱ ጊዜ ክቡር አቶ ኃይለመስቀል ጭቃውን አይተው ቆሙ፤ ያደረጉት ጫማ ከፊቱ የሾለ፣ በሐዋሳ አስፋልት ላይ የሚያብለጨልጭ ነበር። ለገሰም፣ ይሉኝታ የወለደው ሰው ነውና፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን የጎማ ቦት ጫማውን ወዲያው አውልቆ እርስዎ ያድርጉት አለ። እርሳቸውም አይሆንም አሉ። እርሱም ይሆናል አለ። እርሳቸውም በፍጹም አሉ። ይህ ክርክር መንገዱን ያህል ከፈጀ በኋላ ክቡርነታቸው ቦቱን አጠለቁ፣ ለገሰም መኪናው ውስጥ የተዋትን የሻገተችና የተቀደደች የቢሮ ጫማውን አድርጎ ወጣ። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ጫማ አትርሳት።

ከዚያም ተነሥተው ጫካውን በፊሽካ እየሰነጠቁ ወጡና በኮሶዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ሰፈሩ። ጄኔሬተሩም ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ አጓራ። ድምፅ ማጉያውም አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያለ ተራራውን ቆጠረው። ወፍ ሁሉ ወደ ሌላ ወረዳ ተሰደደ። ክቡር አቶ ኃይለመስቀል ዓይናቸውን ወደ ላይ አነሡ፣ ቅርንጫፍ አዩ፤ ወደ ታች አወረዱ፣ ጭቃ አዩ፤ አውሬው የት አለ ብለውም ጠየቁ። ለገሰ ፊቱ ላይ ኀዘን እያሳየ፣ በልቡ እየሣቀ፣ እስካሁን አልመጣም አለ። የኢንቨስትመንቱም ባለሙያ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው ብሎ ካርታውን መዘርጋት ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ለገሰ የክብር ቦታ ይፈልግ ነበር። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር በሕዝብ ተሞልቶ ሳለ፣ በመካከል ግን ከጫካው ወጥቶ ወደ ጫካው የሚገባ ጠባብ ስፍራ ማንም ሳይቆምበት ክፍት ሆኖ አየ፤ ገበሬዎቹም ግራና ቀኝ ተከፍለው ቆመዋል። ይህ ሕዝብ ምን ያህል ጨዋ ነው፣ ለእንግዳ መንገድ ለቀቀ ብሎ አደነቀ። ክቡርነታቸውን በስፍራው አንድ ጠርዝ ላይ አቆመና ራሱም ፊት ለፊታቸው፣ ልክ በመካከሉ ላይ ቆመ። ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ለገሰ አስቀድሞ ማይክራፎኑን አንሥቶ ነበር፣ መንግሥት ሲናገር ደግሞ ጣልቃ አይገባም።

ሊናገርም ሲጀምር ጄኔሬተሩ ሦስት ጊዜ አስሎ ሞተ። አብዱም ጀሪካኑን ገልብጦ አየና ቤንዚኑ መንገድ ላይ በየትኛው ቁልቁለት እንደ ፈሰሰ ለማሰብ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ለገሰ ግን በባዶ ድምፁ የዘመኑን ሥርዐት ፈጸመ፤ በዚያ ዘመነ መንግሥት ስለ ቦይ ጠረጋም ቢሆን ስብሰባ የሚከፈተው ለሰማዕታት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት በማድረግ ነበርና። እንዲህም ሲል ዐወጀ፦

«ለትግሉ ሰማዕታት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናደርጋለን። ክቡር እንግዳችን ይመሩልናል።»

ሕዝቡም አንገቱን ደፋ፣ ጸጥታ ሆነ። የገድሉ ሁሉ መነሻ ይህች አዋጅ ናት። ለገሰ ክቡርነታቸው ይመሩልናል ስላለ፣ አመሰግናለሁ ብለው የሚዘጉት እርሳቸው ናቸው ብሎ ጠበቀ። ክቡር አቶ ኃይለመስቀል ደግሞ ጸሎቱን የከፈተው ለገሰ ስለሆነ የሚዘጋው ለገሰ ነው፣ እኔ እንግዳ ሆኜ የሰው ጸሎት ብቆርጥ ነውር ነው ብለው ጠበቁ። በር ላይ ሁለት የሀገራችን ሰዎች ሲገናኙ፣ ይለፉ፣ ኧረ እርስዎ ይለፉ ሲባባሉ ዝናብ እንደሚመታቸው፣ እነዚህም በጸሎት በር ላይ ቆሙ። ሰዓቱን የሚያይ የለም፣ በሰማዕታት ጸሎት ላይ ሰዓት ማየት በግምገማ ያስጠይቃልና። ደቂቃዋም ሞላች፣ አለፈች፣ ዘሯን አበዛች።

ወእምዝ ተንሥአ ሠራዊተ ጉንዳን፤ ከዚህም በኋላ የጉንዳን ሠራዊት ተነሣ። ያ ክፍት ስፍራ ለመንግሥት የተለቀቀ አልነበረም፣ የገብረ ጉንዳን መንገድ ነበር እንጂ። ገብረ ጉንዳን ማለት ዝናብ ሲጥል ከጫካ ወጥቶ እንደ ጥቁር ገመድ የሚጓዝ፣ በግራና በቀኙ መንጋጋ የታጠቁ ዘበኞች የሚያቆም፣ ስብሰባ የማይጠራ፣ ዕቅዱን ግን መቶ በመቶ የሚፈጽም፣ መንገዱ ላይ የቆመውን ዶሮም ሆነ ዴስክ ኃላፊ ለይቶ የማያይ ነገድ ነው። ሠራዊቱ መጀመሪያ የክቡር አቶ ኃይለመስቀልን እግር መረመረ፣ ጎማ ሆኖ አገኘው፣ ሞከረ፣ አዳለጠው፣ ተወው። ከዚያም ወደ ለገሰ ጫማ ዞረ። በጫማው ቀዳዳ ገባ፣ ካልሲውን ዘለቀ፣ በሱሪው ውስጥ ሽቅብ ዘመተ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ አበው፤ ስለ ሱሪ ግን የተናገሩት የለም።

ለገሰም ተነከሰ። ቁርጭምጭሚቱን ተነከሰ፣ ባቱን ተነከሰ፣ ከዚያም በላይ ተነከሰ። ላቡ ወረደ፣ እንባው ግጥም ብሎ በጉንጩ ላይ ፈሰሰ። እግሩን አንሥቶ እንዳይመታ በሰማዕታት ፊት መዝለል ሆነበት። ክቡርነታቸው ቀና ብለው አዩትና ይህ ወጣት ስለ ሰማዕታት ያለቅሳል ብለው እጅግ ተነኩ፤ ጸሎቱን መቁረጥማ አሁን ጭራሽ የማይታሰብ ሆነባቸው። ደረታቸውን ነፍተው ዳግመኛ አንገታቸውን ደፉ።

ይህ ሲሆን ሳለ፣ ተራራው ያልለመደውን ነገር ሰማ፤ የሰው ዝምታ። ፊሽካ የለም፣ ጄኔሬተር የለም፣ አንድ ሁለት የሚል የለም። መጀመሪያ፣ መንቁሩ ከራሱ የሚበልጥ፣ ክንፉ ሲመታ እንደ አሮጌ ወናፍ የሚተነፍስ ትልቅ ወፍ መጥቶ በባነሩ ምሰሶ ላይ ተቀመጠ። ከዚያም ሲቀመጥ አረንጓዴ የሆነ፣ ሲበር ግን ከክንፉ ሥር ቀይ የሚገልጥ ወፍ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ቀጥሎም ድኩላ ከቀርቀሃው ብቅ አለ፣ ጆሮውን አዞረ፣ በባነሩ ላይ ያለውን አንበሳ አየ፣ አልፈራውም። ከበስተኋላ የጫካ አሳማ ግልገሎቿን አስከትላ በሕዝቡ መካከል አለፈች፤ የኢንቨስትመንቱን ባለሙያ ካርታ አሸተተች፣ አንድ ጫፉን ቀምሳ አልጣማትም። ባለሙያውም አንገቱን እንደ ደፋ በዓይኑ ብቻ ተከተላት፣ በጸሎት መካከል አሳማ ማባረር የሚፈቅድ መመሪያ አልነበረውም።

በመጨረሻ ጉሬዛዎቹ ወረዱ። ጥቁር ናቸው፣ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ነጭ ካባ ደርበዋል፣ ጅራታቸውም ጭራ ነው። አንዷም ከክቡር አቶ ኃይለመስቀል ራስ በላይ ባለው የኮሶ ቅርንጫፍ ላይ፣ በለገሰ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ በደረቷም ልጇ ነበረ። ልጁ እንደ እናቱ ጥቁር አልነበረም፣ እንዳለ ነጭ ነበረ፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ የጥጥ ባዘቶ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ጥቂት ያርፋል። ለገሰ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጉሬዛ በብዛት አለ ብሎ ፈርሟል፤ ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም፣ በሪፖርቱም ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ አልነበረም። አሁን አየው። ደግሞም ያውቅ ነበር፤ አንዲት ዝላይ ብትወጣው ጉንዳኑ ይረግፋል፣ አውሬው ይሸሻል፣ ክቡርነታቸው አንገታቸውን እንደ ደፉ ምንም ሳያዩ ይሄዳሉ፣ ሻይ ይተከላል፣ ዴስኩ ይታጠፋል፣ እርሱም ተንሳፍፎ ሐዋሳ ይደርሳል፣ ከሰኔም በፊት ከጽጌ ጋር ሐይቅ ዳር ዓሣ ይበላል። ይህ ሁሉ በአንዲት ዝላይ። እግሩም ለብቻው ሊዘል ይፈልግ ነበር።

አልዘለለም። ግልገሉ በዚያ ነጭ ፊቱ አተኩሮ ያየው ነበር፣ ለገሰም ወደደው፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት ጠይቄው አላገኘሁም። ጥርሱን ነክሶ፣ እንባው እየወረደ፣ ወደ ቅርንጫፉ ቀና ብሎ ቆመ። ክቡር አቶ ኃይለመስቀልም ይህ ልጅ ሰማዕታቱን በሰማይ ያያቸዋል እንዴ ብለው የዓይኑን አቅጣጫ ተከትለው ሽቅብ አዩ፣ ጉሬዛዋንም ከነልጇ አዩ። ዞር አሉ፣ ድኩላውን አዩ። አሳማዋን አዩ። አፋቸው ተከፈተ፣ እንደ ተከፈተም ቀረ። አንበሳው ግን አልመጣም፤ ከዕቅድ በላይ የተፈጸመው እርሱ ብቻ በሪፖርት ውስጥ ቀረ።

ያች ደቂቃ ምን ያህል እንደ ረዘመች እግዚአብሔርና እግሬ ያውቃሉ። ፀሐይ ከደመና ወጥታ፣ የሚደረገውን አይታ፣ ተመልሳ ገባች። ከዚያም በኋላ እትዬ ትርንጎ፣ በለገሰ ሱሪ ላይ የሚወጣውን ጥቁር መስመር አይተው አንጀታቸው ስላልቻለ፣ ማንም ባልሰጣቸው ሥልጣን በዚያች ጸጥታ ላይ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ሰማዕታቱ ራሳቸው በቃችሁ ብለዋል። ልጁም ይቀመጥ፣ ምሳውም እየቀዘቀዘ ነው።»

ጸሎቱም ተፈጸመ። አውሬው ሁሉ ኮሽ ሳይል ወደ ጫካው ተመለሰ። ሞዐ ጉንዳን ለገሰ ግን ዘለለ፤ እንዴት ያለ ዝላይ ነው፣ ጉሬዛ ቢያየው ይማርበት ነበር፤ ቀበቶውንም እየፈታ ወደ ቀርቀሃው ሮጠ። ጋሽ ገብረሚካኤልና ሁለት ገበሬዎች ተከተሉት። በቀርቀሃው ውስጥ የሆነውን አልጽፍም። ክቡር አቶ ኃይለመስቀል ግን ሲሮጥ አይተው፣ ኀዘኑን ለብቻው ሊወጣው ነው፣ ተዉት አሉ፤ መሐረባቸውንም አወጡ። ቀርቀሃው ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

ለገሰ ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ በተመለሰ ጊዜ ክቡርነታቸው በሕዝቡ ፊት ቆመው፣ እስከ ዛሬ በሻሮ ግርጌ የሚጠቀሰውን አዋጅ ዐወጁ፦

«ይህ ተራራ ፓርክ ሆኖ ይኖራል፤ አንድ ዛፍ አይነካበትም። ይህም ሠራተኛ ከዚህ ቦታ እንዳይነሣ፣ ዝውውር ቢጠይቅ እንኳ እንዳይሰጠው። ለሰማዕታት እንዲህ የሚያለቅስ ሰው በክልል ደረጃ አላየሁም።»

ገበሬዎቹ ዕልል አሉ፣ እትዬ ትርንጎም ለክፉ ቀን ያመጡትን እንስራ ለደግ ቀን ከፈቱት። የኢንቨስትመንቱ ባለሙያ ካርታውን፣ ጫፉ የጎደለውን፣ ጠቅልሎ ያዘ። ለገሰ ብቻ መቆም እንጂ መቀመጥ አልቻለም፣ መሣቅም አልቻለም። ፓርኩን አዳነ፣ ራሱን ግን አሰረ። ክቡር አቶ ኃይለመስቀልም ከጠጁ በኋላ ተሳፍረው ሄዱ፤ ቦቱን ማውለቅ ረስተውት ነበር፣ ለገሰም ይሉኝታ ይዞት አላስታወሳቸውም። በዚያ ዓመት ከዴስኩ ወደ ሐዋሳ የተዛወረው ቦት ጫማው ብቻ ነው።

ለገሰ ለጽጌ ደወለ። የሆነውን ነገራት፤ ጉንዳኑን ግን ደበቃት፣ ስለ ግልገሉ ብቻ ነገራት። እርሷም ምላሷ ያ ሁሉ ሆኖ ሳለ ስልኩን ዘጋችው። ሚያዝያ አለቀ፣ ግንቦት አለቀ፣ ሰኔም ጀመረ። ያን ጊዜ ለገሰ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ጫማው ሲሻግት ያይ ነበር፤ እኔም መዝገብ ቤቴን ትቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ ጽጌ ራሷ በአውቶቡስ መጣች። ቀለበቱን በእጁ ልታስረክበው ነበር የመጣችው፤ ይህን ለእትዬ ትርንጎ ነግራቸው እርሳቸው ለእኔ ነግረውኛል፣ ለእኔ የተነገረ ደግሞ ለታሪክ የተነገረ ነው። ከማስረከቧ በፊት ግን፣ የተበለጥኩበትን ልየው አለች። ለገሰም ከቦንጋ ገበያ የገዛውን አዲሱን ቦት አጠለቀላት፣ ራሱ በዚያች በተቀደደች ጫማ ሆኖ በዝናብ ወደ ሻሮ ይዟት ወጣ። ጋሽ ገብረሚካኤልም ፊሽካቸውን እቤት ትተው ተከተሉ፣ እኔም ተከተልኩ፤ ምሳ ባይኖርም።

በኮሶው ፊት ለፊት አቆማት፣ ዝም በይ አላት። እርሷም በሕይወቷ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ለገሰም አጠገቧ ሊቆም ሲል፣ ያንን ጥቁር ገመድ ከቀርቀሃው ወጥቶ ሲመጣ አየው። እኔም አየሁት። ቢናገር ጉሬዛው አይመጣም፣ ጉሬዛው ካልመጣ ጽጌ ትሄዳለች። ስለዚህ ወደ ገመዱ መንገድ ገብቶ አጠገቧ ቆመ።

ቆዩ። ቅርንጫፉ ተነቃነቀ፣ እናቲቱም መጣች፣ ልጇም ከደረቷ ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ። አድጓል፤ ነጩ ሄዷል፣ ካባውን መልበስ ጀምሯል። ጽጌ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያም የሚያየውን ፊት ልታይ ወደ ለገሰ ዞረች፤ እንባው በጉንጩ ላይ ሲወርድ አየችው። ሦስት ዓመት ቀለበት ይዛ ስትጠብቀው አንድም ቀን ለእርሷ እንዲህ ሲያለቅስ አላየችም። እርሷም አለቀሰች፣ ቀለበቱንም ወደ ጣቷ መልሳ፣ ጉሬዛው እንዳይሰማ ድምፇን ዝቅ አድርጋ የመጨረሻውን አዋጅ ዐወጀች፦

«ይሁን። ዝናቡን እለምደዋለሁ።»

ለገሰም እቅፍ አደረጋትና ከዚያች ቦታ ወዲያ አንሥቶ ወሰዳት፤ እርሷም ፍቅሩ ነው የተሸከመኝ አለች፣ ያም ቢሆን ሐሰት አልነበረም። ከዚያም ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ወደ ቀርቀሃው ገባ።

እንግዲህ ክብር ለዚያ ሰው ይሁን፣ በአንዲት ጫማ ሁለት ጊዜ ለቆመው፣ ተራራን በአንድ ዝምታ፣ ሚስትን በሌላ ዝምታ ላሸነፈው፣ ሳይዘል ለዋለው፣ ሳያክ ላመሸው፣ ንቦች በማራቸው፣ ጉሬዛዎች በካባቸው፣ እትዬ ትርንጎም በብርሌያቸው ለሚያመሰግኑት፤ ስሙ ዝናቡ እስካለ ድረስ ይኑር፣ ዝናቡ ደግሞ አያባራም። ወይዘሮ ጽጌ ዛሬ ሦስት ልጆች ወልዳ በቦንጋ ትኖራለች፤ ያ እንባ የፍቅር እንባ እንደሆነ ታምናለች፣ ባሏ በክረምት ወደ ጫካ ሲገባ ለምን ሱሪውን ካልሲው ውስጥ እንደሚከት ግን አልገባትም። ይህን ያነበበ ሁሉ ለእርሷ ቢነግራት፣ ቁምጣ ለብሶ በገብረ ጉንዳን መንገድ ላይ ይቁም፤ ፊት ለፊቱም ክቡር እንግዳ ይቁምለት፣ ጸሎቱንም የሚዘጋ አይገኝ።